ዊንዶውስ 10 ድጋፉ አበቃ፤ አሮጌዎቹን ኮምፒውተሮች ምን እናድርጋቸው?

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ 40 ምላሽ የተከተለውን ይህን ክር (የውይይት ሰንሰለት) በጥያቄያቸው የከፈቱት በደሴ ከተማ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት፣ የፎቶኮፒና የኅትመት አገልግሎት የሚሰጡ እኅት ናቸው። በመክፈቻ ጽሑፋቸው እንደገለጹት፣ በቤታቸው ያሉት 6 ኮምፒውተሮች በሙሉ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ያላቸው ሲሆኑ፣ የሚሠሩትም በዊንዶውስ 10 ነው። አንድ ባለሙያ ዕቃዎቹ ጊዜያቸው ስላለፈ ሸጠው አዲስ እንዲገዙ ሲመክራቸው፣ ሌላው ደግሞ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የተባለው ነፃ ሲስተም ቢጫንባቸው ገና ብዙ ዓመት እንደሚያገለግሉ ነገራቸው። ሁለቱም የቆዩ ደንበኞቻቸው በመሆናቸው የማንን ምክር እንደሚይዙ ግራ ገብቷቸዋል። ሦስት ነገሮችን ግን አስቀድመው አሳስበዋል፤ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በተባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፉ የብዙ ዓመታት ፋይሎች አሏቸው፤ ሁለቱ ጸሐፊዎቻቸው ኪቦርድ ሳያዩ የሚጽፉ ናቸው፤ መብራትም በየጊዜው ይጠፋባቸዋል። በመጨረሻም መላሾች እንዳይሰዳደቡ በአክብሮት ለምነዋል፤ ልመናቸውም እስከ 5ኛው ምላሽ ድረስ ተከብሯል።

1ኛውን ምላሽ የጻፈው ኮምቦልቻ የሚማር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ተገቢውን ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፣ ድጋፍ አበቃ ማለት ኮምፒውተሩ ሥራ ያቆማል ማለት እንዳልሆነ፣ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2015 የወጣው ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በኋላ በየወሩ ይመጣለት የነበረው የደኅንነት ማስተካከያ እንደተቋረጠበት አስረዳ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ፣ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ስለሚጠይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ገበያ ላይ የዋለው አራተኛው ትውልድ መስፈርቱን አያሟላም። ሆኖም ሩፈስ በሚባለው ነፃ መሣሪያ መስፈርቱን ዘሎ መጫን እንደሚቻል፣ እኅታችን ከፈቀዱለትም ቅዳሜ ደሴ ወጥቶ ያለ ክፍያ እንደሚጭንላቸው ቃል ገባ።

2ኛው መላሽ ተማሪውን ካመሰገነ በኋላ አረመው። በዚህ መንገድ የተጫነ ዊንዶውስ 11 መሥራቱ እርግጥ ቢሆንም፣ ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ያላሟላ ኮምፒውተር አፕዴት የማግኘት መብት እንደሌለው በግልጽ ስላስቀመጠ፣ ዛሬ የመጣው አፕዴት ነገ ቢቀር የሚጠየቅ አካል አይኖርም። 24ኤች2 የተባለው እትም በጣም አሮጌ በሆኑ ፕሮሰሰሮች ላይ ጨርሶ እንደማይነሣ፣ አራተኛው ትውልድ ግን ይህን እንቅፋት እንደሚያልፍም አክሏል። በእኔ ግምት ከሁሉም በፊት ሊነበብ የሚገባው 3ኛው ምላሽ ነበር፤ አጭር በመሆኑ ብዙ ሰው አልፎታል። ጸሐፊው እንዳለው፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ ተጨማሪ የደኅንነት ማስተካከያ አዘጋጅቷል፤ ዋጋው 30 ዶላር ሲሆን፣ የኮምፒውተሩን ቅንብር በማይክሮሶፍት አካውንት መጠባበቂያ እንዲያዝ ላደረገ ሰው ግን በነፃ ይሰጣል። ስለዚህ የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ሰውም ሊጠቀምበት ይችላል። 4ኛው መላሽ ደግሞ ይህ ለግል ተጠቃሚ የታሰበ እንደሆነ፣ ለድርጅቶች የተቀመጠው ዋጋ ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር እንደሆነና በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን አስታወሰ፤ አያይዞም የእኅታችን ዊንዶውስ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው እንደሆነ ጠየቀ። በ5ኛው ምላሽ ጠያቂዋ ራሳቸው ተመልሰው፣ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው እንደማያውቁ፣ ፎርማት የሚያደርግላቸው ልጅ እንደጫነው ጻፉ። ይህ መልስ የከተማችን የአብዛኛው ንግድ ቤት መልስ ይመስለኛል፤ በግልጽ ስለጻፉት ሊመሰገኑ ይገባ ነበር።

ከወልዲያ የጻፈው የሊኑክስ ወዳጅ ግን 6ኛውን ምላሽ የጀመረው በምስጋና አይደለም። ባልከፈሉበት ዕቃ ዋስትና የሚጠይቁ ሰዎች በዝተዋል ሲል የሽሙጥ ቃል ወረወረ። 7ኛው መላሽ፣ የባቲ ነጋዴ፣ ነገሩ ስርቆት ከተባለ በከተማው ውስጥ ፈቃዱን በብር የሚሸጥ ሱቅ የት እንዳለ ያሳየው ዘንድ የወልዲያውን ሰው ጠየቀ፤ ጥያቄው የሚናቅ አልነበረም። ከዚያም ከሐይቅ የጻፉ አንድ አባት በ8ኛው ምላሽ፣ ባልተፈቀደ ሶፍትዌር የተገኘ ገቢ ሐላል ይሆን ወይ የሚል ጥያቄ አነሡ። በ9ኛው ምላሽ ከላሊበላ የጻፈ ዲያቆን፣ አትስረቅ የሚለው ትእዛዝ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ለይቶ እንደማይተው መለሰላቸው። እስላምና ክርስቲያን በአንድ ጉዳይ አንድ ፍርድ ላይ መድረሳቸው ለወሎ ሰው ብርቅ አይደለም፤ በዊንዶውስ ላይ ሲሆን ግን እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። በ10ኛው ምላሽ አንድ የደሴ የጥገና ባለሙያ ውይይቱን ወደ ምድር መለሰው። እርሱ ለጥገና ከሚቀበላቸው ኮምፒውተሮች ውስጥ ብዙዎቹ በቫይረስ የታመሙት ከፍላሽ ሳይሆን፣ ዊንዶውስ ፈቃድ ያለው እንዲመስል ከሚያደርገው ክራክ ነው። ክራኩ ሲጫን አስቀድሞ አንቲቫይረሱን እንዲያጠፉ ይጠይቃል፤ ባለቤቱም በገዛ እጁ በሩን ከፍቶ ያስገባዋል።

የወልዲያው ሰው በ11ኛው ምላሽ ረጅም ጽሑፍ ይዞ ተመለሰ፤ በዚህኛው ግን ከሽሙጡ ይልቅ እውቀቱ ይበልጥ ነበር። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው በሊነስ ቶርቫልድስ እንደተጀመረ፣ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳስጀመረው፣ ሁለቱም ያለ ክፍያ እንደሚገኙ ገልጾ፣ ለእኅታችን ሌላውን የሊኑክስ ዓይነት፣ ሊኑክስ ሚንት 22ን መከረ። ሚንት 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ ድጋፍ አለው፤ ለመነሣት 2 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፤ ለምቹ ሥራ ደግሞ 4 ጊጋባይት ይመከራል፤ ይህም እኅታችን ዛሬ ያላቸው ነው። አፕዴት ሲመጣም ሥራ መሐል ላይ ኮምፒውተሩን በራሱ ፈቃድ አጥፍቶ አያስነሣም።

የተቃውሞው አዝመራ ከዚህ በኋላ ነው የደረሰው። 12ኛዋ መላሽ በኮምቦልቻ የአንድ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ናት። መሥሪያ ቤቷ ሒሳቡን የሚይዘው በፒችትሪ እንደሆነ፣ ፒችትሪም የተሠራው ለዊንዶውስ ብቻ እንደሆነ ገልጻ፣ ሊኑክስ ለእርሷ እንጀራ የሌለበት ያማረ መሶብ እንደሆነ ጻፈች። በ13ኛው ምላሽ አንድ የሕንፃ መሐንዲስ ይህንኑ አጠናከረ፤ የሕንፃ ስሌት የሚሠራበት ኢታብስ ለሊኑክስ አልተሠራም፣ ንድፍ የሚነሣበት አውቶካድም እንዲሁ፤ ዲዛይኑን የሚመረምረው አካል ደግሞ ፋይሉን በዚያው ፕሮግራም ይፈልገዋል። የወልዲያው ሰው በ14ኛው ምላሽ ዋይን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረውና የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ የሚያስነሣው መሣሪያ እንዳለ ተከራከረ። መሐንዲሱ በ15ኛው ምላሽ ሲመልስ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር፤ ፕሮግራሙ ቢነሣ እንኳን በስሌት መሐል ቢዘጋ ለፈረሰው ሥራ የሚጠየቀው ዋይን ሳይሆን እርሱ እንደሆነ ገልጾ፣ ሥራ ያለው ሰውና ሥራ የፈታ ሰው አንድ ሲስተም እንደማይመርጡ በመናገር ደመደመ። የመጨረሻዋ ቃል አላስፈላጊ ነበረች። የቀረው ክርክሩ ግን ትክክል ነው፤ ሰው መጀመሪያ ፕሮግራሙን ይመርጣል፣ ሲስተሙ የሚከተለው ፕሮግራሙን ነው። ችግሩ ጠያቂዋ ኢታብስም ፒችትሪም የማይጠቀሙ መሆናቸውን ሁለቱም መዘንጋታቸው ነው።

ስለ ቫይረስ የተጻፉትን 16ኛና 17ኛ ምላሾች በአጭሩ ልለፋቸው። አንዱ በፍላሽ የሚዛመተው፣ ፋይሎችን ደብቆ በአቋራጭ ምልክት የሚተካው ቫይረስ ሊኑክስን እንደማይነካ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ የተባለው ጥቃትም የዊንዶውስ ጣጣ እንደነበር አነሣ። ሌላው ደግሞ ለዋናክራይ ማስተካከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ እንደነበር፣ የተጠቁትም ያልጫኑት እንደሆኑ አስታውሶ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤክስዜድ በተባለው የሊኑክስ መሣሪያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር (ስውር መግቢያ) አንድ መሐንዲስ በአጋጣሚ ባይደርስበት ኖሮ ጉዳቱ ሰፊ ይሆን እንደነበር ጻፈ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። አንድ የጽሕፈት ቤት ከደንበኛ ፍላሽ ጋር ቀኑን ሙሉ ስለሚውል ግን የመጀመሪያው ነጥብ ለጠያቂዋ ይበልጥ ይቀርባል፤ አንድ ሰው ማመልከቻ ሊያሳትም ሲመጣ ይዞት የሚመጣውን አያውቅም።

የክሩ ፍሬ ያለው ከ18ኛው እስከ 24ኛው ምላሽ ባለው ክፍል ነው፤ እኔም ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ስለዚሁ ክፍል ነው። 18ኛዋ መላሽ ደሴ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አቤቱታና ውል ስትጽፍ የኖረች እኅት ናት። ባለቤቱ ኮምፒውተሮቹን ወደ ሊኑክስ በቀየሩበት ቤት ትሠራ በነበረበት ወቅት የገጠማትን በዝርዝር አስቀመጠች። በዊንዶውስ በኒያላ ፎንት የተጻፈን አንድ ገጽ ማመልከቻ በሊኑክስ ላይ ዎርድን በሚተካው በሊብረኦፊስ ስትከፍተው፣ ኒያላ በማሽኑ ላይ ስለሌለ ሲስተሙ በሌላ የግዕዝ ፎንት ተካው። የተተካው ፎንት የመስመሩን ከፍታ በጥቂቱ ከፍ ስለሚያደርገው፣ በአንድ ገጽ ያልቅ የነበረው ጽሑፍ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ፤ በሁለተኛው ገጽ ላይም የአመልካቹ ስም፣ የፊርማው መስመርና የማኅተሙ ቦታ ብቻ ቀረ። ባለጉዳዩ ሳያስተውል አሳትሞ ወሰደው፤ ማመልከቻውን የተቀበለው መሥሪያ ቤት ፊርማ ከጽሑፉ ተነጥሎ መገኘት የለበትም ብሎ መለሰው። ሰውየው ያን ዕለት የመጣው ከገጠር በእግሩ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚታተመውን ሁሉ መጀመሪያ ወደ ፒዲኤፍ ለውጣ ማየት እንደጀመረች፣ ይህም ችግሩን እንዳቃለለላት፣ ነገር ግን በሌላ ማሽን የተጻፈ ፋይል በመጣ ቁጥር ገጹን ዳግመኛ ማስተካከል ግድ እንደሚላት ጻፈች። በክሩ ውስጥ ካሉት ምላሾች ሁሉ ከሥራው ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ የተነሣው ይህ ነው።

19ኛው መላሽ ሥሩን ለማሳየት ሞከረ። ለየቋንቋው ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ ግዕዝ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደላቱን በላቲን ፊደላት ቁጥሮች ላይ እንደፈለገው ያስቀምጥ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ምልክት ሲሆን የእኛ ፊደል ከነዲቃሎቹና ከነቁጥሮቹ ከዚያ ስለሚበልጥ፣ አንዱ ጽሑፍ ለሁለትና ለሦስት ፎንት ይከፈል ነበር። እንዲህ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የእኅታችን አሮጌ ፋይሎች ዊንዶውስ 11 ላይ ቢሆን፣ ሊኑክስ ላይ ቢሆን፣ የአፕል ኮምፒውተር በሆነው ማክ ላይ ቢሆን ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል ሲል ደመደመ። 20ኛው መላሽ ግን ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ አያስፈልግም በማለት አረመው። የኋለኞቹ የፓወር ግዕዝ እትሞች በዩኒኮድም ይጽፋሉ፤ በዚያ የተጻፈው ፋይል የትም ቢሄድ አማርኛነቱን አያጣም። ጠያቂዋ ፋይላቸው የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ተስፋ መቁረጥ የለባቸውም።

እንዴት ይለያል የሚለውን ደግሞ 21ኛዋ መላሽ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ እንደሆነች የገለጸች ወጣት፣ በቀላሉ አሳየች። ፋይሉን በዎርድ ከፍቶ አንድ አረፍተ ነገር መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ መለወጥ ነው፤ አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ዝብርቅ ከተለወጠ በአሮጌው መንገድ የተጻፈ ስለሆነ በመቀየሪያ ፕሮግራም መለወጥ ይኖርበታል። ለዚህ ምላሽ ምስጋና ያላቀረበ ሰው አልነበረም፤ የወልዲያው ሰውና መሐንዲሱም ሳይቀሩ። እኔ የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ፤ በሥራዬ የታዘብኩት ይህንኑ ነው። ሰው በሲስተሞች ላይ ሲከራከር ይውላል፤ እግሩን ያሰረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲስተሙ ሳይሆን ጽሑፉ የታሰረበት ፎንት ነው። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ያሻገረ ቤት ከዚያ በኋላ የወደደውን ሲስተም መምረጥ ይችላል፤ ያላሻገረ ቤት ግን ምርጫው በእጁ አይደለም።

የቀረው የጸሐፊዎቹ ጣት ጉዳይ ነበር። በ22ኛው ምላሽ እንደተገለጸው በሊኑክስ አይባስ በሚባለው መሣሪያ አማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን የቁልፎቹ አሠራር ከፓወር ግዕዝ ጋር በሁሉም ቦታ አይገጥምም፤ በተለይ ሠ፣ ሐ፣ ኀ እና ፀ የሚገኙበት መንገድ ይለያያል። ኪቦርድ ሳታይ የምትጽፍ ጸሐፊ ደግሞ በየቃሉ ቆማ ቁልፍ ከፈለገች ከጀማሪ አትሻልም። በዚህ ላይ 23ኛው መላሽ ያቀረበው ምክር ብልኅነት ያለበት ነው። ኪይማን የሚባለው ነፃ መሣሪያ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ስለሚሠራ፣ ጸሐፊዎቹ አሁን ባሉበት ዊንዶውስ ላይ በኪይማን የአማርኛ ኪቦርድ መጻፍን እንዲለምዱ፣ ሲስተሙ የሚለወጠው ከዚያ በኋላ እንዲሆን መከረ። በ24ኛው ምላሽ አንድ ሰው ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድና ፎንት እንዳለው፣ ስለዚህ ሌላ ፕሮግራም መጫን ከንቱ ድካም እንደሆነ ተናገረ። ነገሩ እውነት ቢሆንም፣ ከዊንዶውስ ለመውጣት እያሰበ ላለ ሰው የሚጠቅም መልስ አይደለም።

ከ25ኛው እስከ 28ኛው ድረስ የመብራት ነገር ተነሣ። 25ኛው መላሽ ሊኑክስ መብራት ቢሄድበትም እንደማይጎዳ በልበ ሙሉነት ጻፈ። 26ኛው ይህ ወሬ እንጂ እውቀት እንዳልሆነ ገልጾ ጠንከር ባለ ቃል መለሰለት። ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁባቸው ሥርዓቶች፣ የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስም የሊኑክሱ ኢኤክስቲ4ም፣ ለውጦችን አስቀድመው በመዝገብ የሚይዙ ስለሆኑ፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ ሁለቱም የዲስኩን አደረጃጀት ከመፍረስ ያድናሉ፤ ሁለቱም ግን ያልተቀመጠን ጽሑፍ አያድኑም። በፋት32 ወይም በኤክስፋት የተዘጋጀ ፍላሽ ደግሞ ይህ መዝገብ ስለሌለው፣ ፍላሽ ላይ በቀጥታ ከፍቶ መሥራት ከሁሉም የከፋ ነው። በ27ኛው ምላሽ አንድ የመርሳ ሰው ያጋጠመውን አጫወተ። ዊንዶውስንና ሊኑክስን በአንድ ኮምፒውተር ጎን ለጎን ጭኖ ሳለ፣ ከሊኑክስ በኩል የዊንዶውሱን ክፍል ሲከፍት ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቅድለትም፤ ዲስኩ ተበላሸ ብሎ ሊገዛ ሲነሣ፣ ምክንያቱ ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሣ የሚያደርገው ፋስት ስታርትአፕ የተባለው ቅንብር ሆኖ ተገኘ። ይህ ቅንብር ሲበራ ዊንዶውስ ጠፋ ሲባል በሙሉ አይጠፋም፤ ዲስኩን እንደያዘ ስለሚተኛ ሊኑክስ ለጥንቃቄ ሲል አይጽፍበትም። ቅንብሩን አጥፍቶ ከችግሩ ወጣ። 28ኛው መላሽ ዎርድ ጽሑፍን በራሱ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ስለሆነ፣ መብራቱ ለማይታመን ሰው ይህን ወደ 1 ደቂቃ ማውረድ ከሲስተም ለውጥ የሚበልጥ ጥቅም እንዳለው አሳሰበ፤ በሊብረኦፊስም ይኸው ቅንብር አለ። ዩፒኤስ ያላነሣ ሰው ባይኖርም፣ ባትሪው ከሞተ ዩፒኤስ ጋር የሚኖረውን ቤት ብዛት ማንም አላነሣም።

ስለ ማክ የተነገረው ጥቂት ነው። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ የደሴ ልጅ በ29ኛው ምላሽ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን ኤም1 የተባለ ቺፕ ያለውን ማክ አወድሶ፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ እንደሚያቆየው፣ መብራት ቢሄድም ሥራው እንደማይቋረጥ ጻፈ። በ30ኛው ምላሽ የጥገና ባለሙያው ራሙ ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለሆነ ሊጨመርበት እንደማይቻል፣ ኢንቴል ያላቸው አሮጌ ማኮችም ማክኦኤስ 26 የመጨረሻቸው እንደሆነ ገልጾ፣ ለጽሕፈት ቤት የሚታሰብ እንዳልሆነ በአንድ አንቀጽ ዘጋው። የወልዲያው ሰው በ31ኛው ምላሽ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሁሉ ሊኑክስን በኪሱ ይዞ እንደሚዞር፣ ከእ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2017 ጀምሮም የዓለም 500 ኃያላን ሱፐርኮምፒውተሮች በሙሉ በሊኑክስ እንደሚሠሩ ሲያስታውስ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ በ32ኛው ምላሽ እርሷ ደመወዝ የምትሠራው በሱፐርኮምፒውተር ላይ እንዳልሆነ መለሰችለት። ሳቅ የበዛበት ምላሽ ይህ ነበር።

33ኛውን ምላሽ የጻፉት የሰሜን ወሎ አስተማሪ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክፍል ተዘርፎ ባዶ እንደቀረ፣ በኋላም በእርዳታ የተገኙት አሮጌ ማሽኖች 2 ጊጋባይት ራም ብቻ ስለነበራቸው፣ ቀላሉን የሊኑክስ ዓይነት ከመጫን በቀር አማራጭ እንዳልነበራቸው ጻፉ። ማሽኖቹ ይሠራሉ፤ ተማሪዎቹም ለምደዋቸዋል። ቅሬታቸው ሌላ ነው፤ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ የሚታየው የማይክሮሶፍት ኦፊስ መስኮት በመሆኑ ተማሪው መጽሐፉ ላይ የሚያየውን ቁልፍ በማሽኑ ላይ ሲፈልግ ክፍለ ጊዜው ያልቅበታል። እርሳቸው ሊኑክስን አያወድሱም፣ አይነቅፉምም፤ ያገኙትን ይዘው እያስተማሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ኮምቦልቻ ሙቀትና አቧራ ዞረ፤ 34ኛው መላሽ የፋኑን አቧራ ሳያጸዱ ስለ ሲስተም ማውራት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ነው ሲል፣ 35ኛው ደግሞ በዚህ አጋጣሚ ኤስኤስዲ የተባለውን የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክና ዲዲአር3 ራም እንደሚሸጥ አስታወቀ። የመድረኩ ተቆጣጣሪ ማስታወቂያውን አነሣበት። ሻጩ ግን በነገሩ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም፤ የአራተኛው ትውልድ ማሽን ዘገምተኛነት ከሲስተሙ ይልቅ ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ የሚመጣ ነው። ኤስኤስዲ ገብቶለት ራሙ 8 ጊጋባይት ሲደርስ ዊንዶውስ 10ም ሚንትም በእኩል ይነቃሉ። አዲስ ከመግዛት ይልቅ ይህን የሚመርጥ ሰው ገንዘቡን ከግማሽ በላይ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

በ36ኛው ምላሽ ጠያቂዋ ውሳኔያቸውን አሳወቁ። ሁለቱ ጸሐፊዎች የሚሠሩባቸው ማሽኖች ለአንድ ዓመት በዊንዶውስ 10 ይቆያሉ፤ አሮጌዎቹ ፋይሎች በዚሁ ጊዜ እየተለዩ ወደ ዩኒኮድ ይለወጣሉ፤ ጸሐፊዎቹም ከወዲሁ በኪይማን መጻፍ ይጀምራሉ። የደንበኛ ፍላሽ የሚከፈትባቸው፣ ፎቶ የሚታተምባቸውና የኢንተርኔት ቅጽ የሚሞላባቸው አራቱ ማሽኖች ኤስኤስዲ ገብቶላቸው ሚንት ይጫንባቸዋል፤ ፕሪንተሩ መታዘዙ በአንዱ ላይ ተሞክሮ ከተረጋገጠ ብቻ ሌሎቹ ይከተላሉ። ኮምቦልቻ ያለው ተማሪ ቅዳሜ እንዲመጣ ጋበዙት፤ ምሳ ከእርሳቸው እንደሆነም ነገሩት። የወልዲያው ሰው አራት ለሁለት አሸነፍኩ ብሎ ጻፈ፤ መሐንዲሱም ሁለቱ ማሽኖች ገንዘብ የሚያስገቡት ናቸው ብሎ መለሰለት፤ ሁለቱም ምላሾች ቁጥር ይዘው 37 እና 38 ሆነዋል።

39ኛውን የጻፈችው ቀደም ሲል አቤቱታ ጸሐፊነቷን የገለጸችው እኅት ናት። አራቱ ማሽኖች ፎርማት ከመደረጋቸው በፊት የዶክመንት ማህደሩን ብቻ መገልበጥ እንደማይበቃ፣ በሲ ድራይቭ፣ በዊንዶውስ ማህደር ውስጥ፣ ፎንትስ የሚለው ማህደር ተከፍቶ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች በሙሉ በተለየ ፍላሽ እንዲያዙ አሳሰበች፤ ያለ እነርሱ አሮጌው ፋይል የትኛው ደንበኛ የትኛው ውል እንደሆነ ለመለየት እንኳን አይነበብም። ጠያቂዋ በ40ኛው ምላሽ የገለበጡት ዶክመንቱን ብቻ እንደነበር፣ ዓርብ ማታ ሱቅ ከመዝጋታቸው በፊት ፎንቶቹን እንደሚገለብጡ ጽፈው አመሰገኑ። ተቆጣጣሪውም ክሩን ዘጋው።